ያልቀላው መደዳ

ሰኞ

ዛሬም ሌሊቱ አልቀዘቀዘም። ስነሳ መጀመሪያ የማየው የበረንዳውን ቴርሞሜትር ነው፤ ቀጥዬ ዛፎቹን። ፖም እንዲቀላ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ይፈልጋል። ዘንድሮ ቀኑ አላሳፈረንም፣ ያኮረፈን ሌሊቱ ነው። ፍሬው ሞልቷል፣ ጣፍጧል፣ ልጣጩ ግን ገና የጎመን ቀለም ነው። ገበያ ደግሞ የሚቀምሰው በዓይኑ ነው።

አማቴ ቁርስ ላይ አንዱን ቆርጠው ሰጡኝ። "ቅመሽው፣ ደርሷል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደርሷል።

"አልቀላም እኮ አባባ" አልኳቸው።

"መቅላቱ ለሆድ ምን ይጨምራል?" ብለው ቢላቸውን ጠረጉ።

በምሠራበት የምርምር ጣቢያ መዝገብ ላይ የምጽፈው ቁጥር ብቻ ነው። ሌላው ሌላው ሆዴ ውስጥ ከሚከርም እዚህ ይቀመጥ ብዬ ይህን ደብተር ገዛሁ። የምኖረው በባለቤቴ አባት ቤት፣ በፖም እርሻቸው መሃል ነው። ባለቤቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው፤ እናቱ፣ እማማ፣ ባለፈው የብርድ ወቅት ተከተሉት። አሁን በዚህ ሰፊ ቤት የቀረነው አንድ ሽማግሌና አንዲት የልጅ ሚስት ነን። እህቴ ስልክ በደወለች ቁጥር "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" ትለኛለች። ሙከራ አለኝ እላታለሁ።

ማክሰኞ

ሙከራው ቀላል ነው። ዛፍ ውሃ ሲጠማው ወይም ወቅቱ ሲከብደው ራሱ የሚሠራው አንድ ሆርሞን አለ፤ አብሲሲክ አሲድ ይባላል። ለቅጠሉ ቀዳዳህን ዝጋ፣ ለፍሬው ጊዜህ ደርሷል የሚል መልእክት ያደርሳል። ልጣጩ መልእክቱን ሲሰማ ቀዩን ቀለም መሥራት ይጀምራል። እንግዲህ ብርዱ መልእክተኛውን ካልቀሰቀሰው እኛ ብናደርስለትስ? አብዛኛው ገበሬ ለማቅላት የሚረጨው ኢትሊን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጣ መድኃኒት ነው። እሱ ያቀላል፤ ግን ፍሬውን ያልመዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ገበያ ሳይደርስ ያዝለዋል። የኔ ጥያቄ ሳይልም ይቀላል ወይ ነው።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መደዳዎች መረጥኩ። ሆርሞኑን የሚጠጡት ዛፎች ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ፣ ውሃ ብቻ የሚረጩት ላይ አረንጓዴ። የጄሪካኖቹም አንገት ላይ እንዲሁ። ሁለቱም ፈሳሽ ሲያዩት ውሃ ነው፤ ማንም እንዳይሳሳት ብዬ ነው።

አማቴ ከሩቅ አይተው "ሠርግ አስመሰልሽው" አሉ።

ሐሙስ፣ በጥድፊያ

ከከተማ ስልክ። የበጀት ስብሰባ ነገ። ካልተገኘሁ ሙከራው ይሰረዛል አለች አለቃዬ። ርጭቱም ነገ ነው፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ሁልጊዜ አይገኝም። ማን ይርጭልኝ?

አማቴ፦ "እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት? አንቺ ሳትወለጂ ዛፍ ረጭቻለሁ።"

ቀዩ ለቀዩ፣ አረንጓዴው ለአረንጓዴው ብዬ አስረዳኋቸው። ደገምኩላቸው። ልሰልስ ስል "ሰማሁ እኮ ልጄ" አሉና ወደ ጓሮ ወጡ። ተቀየሙ ይሆን? አውቶቡሱ መጣ።

እሑድ ማታ

ተመለስኩ። በጀቱ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ተፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ውጤቱ ነው። አለቃዬ ተማሪ ሳለን አብራኝ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ "እባክሽ፣ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አምጪልኝ፣ በቃ የሚታይ ነገር" አለችኝ። ዛፍን እንዲህ አድርገህ አስደንቀኝ ማለት አይቻልም። አልነገርኳትም።

ቤት ስደርስ ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። መርጫዎቹ ታጥበው ተዘቅዝቀዋል፣ ባዶ ጄሪካኖቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። አማቴ ርጭቱን ፀሐይ ሳይወጣ እንደጨረሱ ነገሩኝ። ዓርብ ማታ ደግሞ የገዢው መኪና ሳይጠበቅ መጥቶ፣ ፍሬውን በቀለም የሚለዩት መራጮች ወደ ቤታቸው ሄደው ስለነበር፣ ቀድመው ከሚደርሱት ዛፎች የተለቀመውን ራሳቸው በሳጥን ሞልተው ሸኝተውታል። ይህን ሲነግሩኝ እማማ ከሞቱ ወዲህ ያላየሁት ደስታ ፊታቸው ላይ ነበር። ሾርባ አሙቀው አቀረቡልኝ። "ሽማግሌ ቢሆን ሥራ አይፈታም" አሉ።

ከእራት በኋላ ሸሚዞቻቸውን ተኮስኩ። በየአንገትጌው ውስጥ እማማ በክር የቋጠሯት ትንሽ ቋጠሮ አለች፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት። ምን እንደሆነ ብጠይቅ "የእማማ ነገር" አሉ። ሐዘን ከክር ውስጥ እንኳ ይወጣል። ዳግመኛ መጠየቅ የለብኝም።

ረቡዕ

ገዢው ሳጥኖቹን መለሳቸው።

አንደኛ ደረጃ ቀይ ተብለው የሄዱት ውስጥ ብዙው አረንጓዴ ነው። ሰውየው ራሱ መጥቶ የመጋዘኑ በር ላይ አንዱን ሳጥን ገልብጦ አሳየን። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። እስከ ዛሬ የዚህን እርሻ ሳጥን ሳልከፍት ነበር የምቀበለው፣ ከእንግዲህ እየከፈትኩ ነው አለ። በየሳጥኑ የመራጩ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን አለ። ሬዲዮ የምንላት ሴት ቁጥር ነው። "ይቺ ሴት የኔን ሳጥን እንዳትነካ" ብሎ ሄደ።

ሬዲዮ የመጋዘኑ ዋና መራጭ ናት። ስሙን ያወጡላት ለቃሚዎቹ ናቸው፣ ድምፅዋ ስለማይሰማ። ከዚህ ቤት ጋር ከኔ ቀድማ የኖረች ናት። ጎንበስ ብላ ከፈሰሱት ፖሞች አንዱን አነሳች፣ አገላበጠችው። "ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አለች። ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን።

"እስቲ ነገ እንነጋገራለን" አሉ።

ሐሙስ

አልተነጋገሩም። ሬዲዮ ጠዋት መጥታ ሽርጧን አጥፋ መምረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወጣች። አማቴ በሩ ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው አለፈች። አንድ ቃል ይተነፍሳሉ ብዬ ጠበቅኩ።

ለቃሚዎቹ ያንሾካሹካሉ። ዓይኗ ደክሟል፣ ዕድሜ ነው፣ አንዳንዱም ሆን ብላ ነው ይላል። እኔስ? እኔም አልተናገርኩም። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ሠራተኛዋም የእሳቸው ናት፣ እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዛሬ ግን የሆነ ነገር ሸቶኛል።

አማቴ እራት አልበሉም። ጥርሴን አሉ።

ሰኞ

ሌሊቱ ሞቃት። ሬዲዮ የለችም፣ መምረጡ ተጓቷል። እኔም ከሥራ በፊት ጠረጴዛው ላይ ቆሜ እመርጣለሁ። አማቴ መጋዘን ገብተው አያውቁም አሁን። አጥር ሲጠግኑ ይውላሉ፤ ያልተሰበረውንም።

ቅዳሜ

አንዱ መደዳ መቅላት ጀመረ።

የቀላው ግን አረንጓዴ ሪባን ያለበት ነው። ውሃ ብቻ የጠጣው። ሆርሞኑ የተረጨበት እንደ ጎመን ቆሟል።

ጠዋት አየሁት፣ ቀትር ላይ ተመልሼ አየሁት፣ ብርሃኑ ይሆን ብዬ አመሻሽ ላይ ደግሜ አየሁት። ለቃሚዎቹም አይተዋል። "ውሃ እንዲህ ካቀላ መድኃኒቱን ለምን እንገዛለን?" ሲል አንዱ፣ ሌላው "ለመጠጣት ነዋ" አለው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ማክሰኞ

ከሁለቱም መደዳ ልጣጭ በክብ ቆርጬ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የውሃው መደዳ ብርጭቆ ሮዝ ሆነ፣ የሆርሞኑ እንደ ደካማ ሻይ ቀረ። ዓይን ይሳሳታል፣ ብርጭቆ አይሳሳትም። ጥንካሬውንም ለካሁ፦ የቀላው ፍሬ አልላመም። ይህ እኮ የምፈልገው ውጤት ነው። የመጣው ግን በተሳሳተው ዛፍ ላይ ነው።

ምክንያት ፈለግኩ። አንደኛው፦ የሚበስል ፍሬ ኢትሊን ያወጣል፣ ጋዝ ነው፣ ከአንዱ መደዳ ወደ ሌላው በነፋስ ሊሻገር ይችላል። ታዲያ ባለቤቱን ትቶ ጎረቤቱን ብቻ ያቀላል? ሌላው፦ መጠኑ በዝቶ ልጣጩን ዘግቶት ይሆናል። ሌላው፦ አፈሩ። ሌላው፦ ጥላው። እስክሪብቶዬ ምክንያት አይደክመውም።

አማቴ ከበሩ ሆነው "ጥሩ አልሆነም እንዴ?" አሉኝ። የማይጠበቅ ነገር ሆኗል አልኳቸው፤ ሆርሞን ያላገኘው ቀላ፣ ያገኘው አልቀላም። ኮፍያቸውን ጫኑ። ከዚያ "አጥሩን ልየው" ብለው ወጡ። ዝናብ ነበር።

ዓርብ

አለቃዬ መጣች። በመደዳዎቹ መሃል በከተማ ጫማዋ ተመላለሰች፣ ፎቶ አነሳች። የመማሪያ መጽሐፍ ሁሉ ያቀላል የሚለው ሆርሞን ፍሬውን አረንጓዴ አድርጎ ካቆየው ይህ ትልቅ ነገር ነው አለች። በዓመቱ ጉባኤ ላይ እንድናቀርበው ትፈልጋለች።

"ወይ ግኝት ነው፣ ወይ ስህተት ነው" አልኳት።

"ርጭቱን አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አማቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጩ ሰው ናቸው።"

"እንግዲያው ግኝት ነው" አለች።

ይህን ስንነጋገር አማቴ ለእንግዳዋ ውሃ ይዘው ከኋላችን ቆመው ነበር። መቼ እንደደረሱ አላየሁም።

ሰኞ

የመርጫ ጎማ ልንገዛ አብረን ከተማ ወረድን። አማቴ ከተማ ውስጥ ዝም ይላሉ፣ ክንዴን ይይዛሉ። መሻገሪያው ላይ መብራቱን ሳይሆን ሰዉን ነው የሚያዩት። ዛሬ አጠገባችን ሌላ ሰው አልነበረምና ቆመን ቀረን።

"አረንጓዴ ሆኗል አባባ" አልኳቸው።

"አያለሁ። አልቸኮልኩም።"

ገበያው ውስጥ ሬዲዮን አየኋት፤ የሌላ ሰው ሽንኩርት ትለቅማለች፣ የበሰበሰውን ከደህናው። ሰላም አልኳት። "እንደምን ናችሁ" አለች፣ በብዙ ቁጥር። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እሷን ያፈሩባት መሰለኝ።

ሐሙስ

ትናንት ነፋሱ ከሪባኖቹ ብዙ ወስዷል። ከመልቀሙ በፊት መታሰር አለባቸው። ለአማቴ ሁለቱን ጥቅል ሰጥቻቸው እኔ ከላይኛው ጫፍ ቀጠልኩ። መለስ ስል ቆመው አየኋቸው፤ በአንድ እጃቸው አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይዘው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጓቸው። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቷቸው። ሪባን ምን ይሸታል?

ከዚያ በውሃው መደዳ ላይ ቀዩን ያስሩ ጀመር። እጃቸው አያመነታም፤ ጥሩ፣ ጠንካራ ቋጠሮ ነው።

ለምሳ ሲገቡ ፈትቼ በየቦታው መልሼ አሰርኩ። ስለ ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር ይሆናል። ዕድሜም አለ።

ቅዳሜ

አልጽፍም ብዬ ነበር።

ስለ ሌላ ነገር እያሰቡ አልነበረም። ይህን ሐሙስ ዕለት ዛፉ ሥር ቆሜ አውቄዋለሁ። ምናልባት ከዚያም በፊት፤ ሆድ ያወቀውን አፍ ለምን እንደሚሸሽ አላውቅም። ርጭቱ ተገላብጧል። የዓርቡንም መኪና የሞሉት እሳቸው ናቸው፣ የሬዲዮ ካርቶን አስቀድሞ በገባበት ሳጥን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

መገላበጡ እርግጥ ከሆነ ሙከራዬ ሠርቷል፤ ሆርሞኑ አቅልቷል፣ ፍሬውም አልላመም። መጽሐፉ እንዳለው፣ ተአምር የሌለበት። ግን የትኛው ጄሪካን የት እንደገባ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውን ልጠይቅ? በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማዕዳቸው? ካልጠየቅኩ ደግሞ ያለኝ ነገር ሁለት ብቻ ነው፦ የሚያምር ውሸት ወይም ባዶ ወረቀት። ሬዲዮ ደግሞ ሽንኩርት ትለቅማለች።

ሌሊቶቹ አሁንም ሞቃት ናቸው። ይህን ለምን እንደምጽፈው እንጃ። ሌላውን ከመጻፍ ስለሚቀል ነው።

እሑድ

አለቃዬ ደወለች። የጉባኤውን ጽሑፍ ርዕስ ልከሻል ወይ? ነገ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ መደዳዎቹ ተደባልቀዋል፣ ውጤቱ አይታመንም፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው። በደንብ አሰብኩበት፤ ከባዶ ወረቀት የሚሻል አላገኘሁም። በጀቱ ይቀራል። ምናልባት እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ገና ሳልነግራቸው ክፍሌን በዓይኔ እየሰበሰብኩ ነበር።

ሰኞ ማታ

እንደሆነው ልጻፈው።

እራት ላይ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሙከራው ተሰርዟል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጥዬ መሄድ አልነበረብኝም አልኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"መደዳዎቹ ተደባልቀዋል ብዬ።"

"ማን ደባለቃቸው?"

"እኔ።"

ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ተቀምጠው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ እኔ ቀይ የሚሉትን አላውቀውም" አሉ። "ረስቼው አይደለም። አይቼው አላውቅም፣ ከናቴ ሆድ ጀምሮ። ዛፉም ፍሬውም ለኔ አንድ ነው።"

ከዚያ ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ቀዩን ልቀም ሲሏቸው ያገኙትን ይለቅሙ ነበር፤ ሰነፍ ነው ተብለው ተገረፉ። ቆይተው በማሽተትና በመዳፍ መለየት ተማሩ፤ የበሰለውን ካልበሰለው መቼም ስተው አያውቁም። ቀይ የሚወድ ገበያ ሲመጣ እማማ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ከጎናቸው ቆመው በክርናቸው ነካ ያደርጓቸው ነበር፣ ነካ ካደረጉ ቀይ ነው። የሸሚዙንም ቋጠሮ የቋጠሩት ቀለሙን በቁጥር እንዲለዩ ነው። ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ያውቅ ነበር፤ እንዳይነግረኝ ያስማሉት እሳቸው ናቸው። በአንድ አልጋ ተኝተን ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ቀይ ቀለም ሳወራው ጸጥ ብሎ የሚሰማኝ ለዚህ ነበር።

"ፖም የሚሸጥ ሰው ቀይ አላይም ካለ ማን ይገዛዋል?" አሉ።

ስለ ርጭቱ ጠየቅኳቸው፤ አሁን መጠየቅ ይቻል ነበር። ከቤት በኩል ያለው መደዳም ጄሪካንም ቀዩ ነው ብለው በቃላቸው ይዘው ነበር፤ ጠዋት ሲነሡ ያ ጠፋባቸው። አንዱን ጄሪካን አንዱ መደዳ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ ጨረሱ፤ እሱን አልደባለቁም። ገመቱ፣ ግምቱም ተገለበጠ።

"ለምን ስልክ አልደወሉልኝም አባባ?"

"ደግመሽ ነግረሽኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ አፈርኩ።"

ስለ መኪናው እኔ አላነሳሁም። ራሳቸው አነሱት። "እሷን በድያለሁ" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ሳህኑን አጠብኩ። እሳቸው አደረቁ።

ማክሰኞ

ጠዋት የከተማ ጫማቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። "አብረሽኝ ነይ። አልፌው እንዳልሄድ" አሉ።

ሬዲዮ ግቢዋን እየጠረገች ነበር። ወንበር አወጣችልን፣ እሷ ቆመች። አማቴ አልተቀመጡም። እንደ ትናንትናው ሳይቆራርጡ፣ በአጭሩ ነገሯት፦ ሳጥኖቹን የሞሉት እሳቸው ናቸው፣ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም፣ ያን ቀን መናገር ሲገባቸው ዝም ብለዋል።

መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ቆየች።

"ጋሼ፣ እኔ ስወጣ በር ላይ ቆመው ነበር" አለች።

"ቆሜ ነበር።"

"ትንሽ ቆም ብዬ ነበር እኮ።"

"አይቼሻለሁ።"

ከዚያ ሌላ ነገር የለም። ዓይን ስለ ማየት አለማየት አንድ ቃል አልጠየቀችም፤ ያ ለእሷ ቀላሉ ክፍል ነበር። ወደ ቤትም ግቡ አላለችንም። መንገድ ላይ አማቴ ክንዴን አልያዙም። መጨረሻ ላይ "ይቅር ብትል ምን ይጠቅማታል?" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስለኛል።

ሐሙስ

ለአለቃዬ ነገርኳት፣ የአማቴን ፈቃድ ጠይቄ። "ስለዚህ ሆርሞኑ እንደተባለው ያቀላል ማለት ነው" አለች። አዎ። "በቃ እሱ ነው?" በቃ እሱ ነው፣ ፍሬው ሳይልም። ተነፈሰች። ጉባኤው ቀርቷል። ግን መድገም ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች፣ በሌላ ወቅት፣ በብዙ መደዳ፣ አንቺው ራስሽ እየረጨሽ። ማመልከቻ ጻፊ አለችኝ። ያ እሺ ማለት አይደለም፣ እምቢም አይደለም።

ሰኞ

ሬዲዮ መጣች።

መምረጫው ጠረጴዛ ጋ አልሄደችም፤ በሩ ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ ለኔ የነገሩኝን እዚህ ይናገሩት" አለች። ለቃሚዎቹ ሁሉ ሳጥናቸውን አስቀመጡ። አማቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ተናገሩት። ድምፃቸው ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስል ነበር። ሲጨርሱ ያ ቀልደኛው ለቃሚ "ታዲያ የኔን ቀይ ሹራብ ምን ሲያዩት ነው እስከ ዛሬ?" አላቸው።

"እንደ ለበሰው ሰው፣ ያልበሰለ" አሉት።

ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ሬዲዮ አልሳቀችም፤ ሽርጧን ካስቀመጥኩላት ቦታ አንስታ አሰረችና የመጀመሪያውን ፖም አነሳች። ለገዢው ደግሞ አማቴ ራሳቸው ስልክ ደወሉ። ምን እንዳለ አልነገሩኝም፤ መኪናው ግን ሐሙስ ይመጣል።

ረቡዕ

ሥራ። ልቀማ። እጄ ተልጧል። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ልብስ ደረብኩ። የላይኛው ማሳ በአንድ ጊዜ ሊቀላ ነው፣ ያለ ማንም እርዳታ። ዘግይቶ መጣ፣ መጣ ግን።

አማቴ ወደ መጋዘን ተመልሰዋል። ሬዲዮ ቀለሙን ትለያለች፤ እሳቸው ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ያሸታሉ፣ ሳይበስል የቀላ ካለ ያወጣሉ። ብዙ አይነጋገሩም። ትናንት አንዱን ሲመልሱባት "ቀይ ነው እኮ" አለች። "ይሁን፣ ጥሬ ነው" አሉ። ቆርጣ ቀመሰችው። ወደ ሌላው ሳጥን ጣለችው።

እህቴ ደወለች። ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው አልኳት።

እሑድ

የመጨረሻው ማሳ ዛሬ ተለቀመ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ እኔና አማቴ የወደቀውን ለመልቀም ቀረን። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር። አንዱን ከሣሩ ውስጥ አንስተው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

"ይሄ ቀይ ነው?"

"ቀይ ነው፣ በጣም።"

"ምን ይመስላል?" አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ነገር ነው። ስለ ልጣጩ ጀመርኩ፣ ብርሃኑ፣ ብርዱ፣ ሆርሞኑ መልእክቱን ሲያደርስ ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እንዴት እንደሚሆን አይደለም የጠየቅኩሽ ልጄ።"

አላውቅም አልኳቸው። ቃል የለኝም አልኩ።

"እሷም አልነበራትም" አሉ። እማማ በየዓመቱ ልቀማ ሲያልቅ ሊነግሯቸው ይሞክሩ ነበር፣ በየዓመቱ የተለየ። አንዴ እንደ በርበሬ ነው ይላሉ፣ አንዴ እንደ ከበሮ፤ እሳቸውም ይስቁባቸው ነበር። "አንድ ዓመት ግን፣ ሰው መሃል ሆነህ ከኋላህ ስምህን ሲጠሩህ እንዴት ትሆናለህ፣ እንደዚያ ነው አለችኝ። ያኔ የገባኝ መሰለኝ።"

ፖሙን አገላበጡት።

"ግን እሷ ስትጠራኝ ነው እንጂ፣ ማንም ሲጠራኝ አይደለም" አሉ። ሳጥኑ ላይ አኖሩትና ሳጥኑን በአንደኛው ጫፍ አነሱት። እኔ በሌላው ጫፍ አነሳሁ።